ነፋስና የዝንብ መንጠቆ፤ በባሐማስ የባሕር ሜዳ ላይ ስለሚደረግ ዓሣ ማጥመድ

ዓሣ ማጥመድ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው በጣና ወይም በዝዋይ ሐይቅ መረብ የሚጥል ሰው፥ አለዚያም መንጠቆው ላይ ትል ሰክቶ ከውሃ ዳር ተቀምጦ የሚጠባበቅ ልጅ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ ዓይነት አጠማመድ ነው። ይኸውም ከላባና ከጸጉር በተሠራ፥ ክብደቱ አንድ ግራም እንኳ በማይሞላ ማታለያ፥ ጥልቀቱ ከጉልበት በማያልፍ የባሕር ውሃ ውስጥ፥ ነፋስ ብዙ ጊዜ በማያርፍበት አገር የሚደረገው ነው። ነገሩ ሲታይ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን በፊዚክስና በጂኦግራፊ ክፍል የምንማረውን ብዙ ነገር ባንድ ቦታ የያዘ ትምህርት ሲሆን፥ ለብዙ ደሴተኛ ቤተ ሰብም የዕለት እንጀራ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ነፋስ በበረታ ጊዜ ጉልበቱን የሚጨምር አጥማጅ ጉልበቱን ከሚቆጥበው ቀድሞ የሚሸነፍ መሆኑ ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን በቁጥር ጭምር ለማስረዳት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። ማታለያው ዝንብ የተባለበት ምክንያት፥ በድሮ ዘመን በእንግሊዝ አገር ወንዞች ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ በውሃ ላይ የሚበሩትን ትንንሽ ነፍሳት አስመስለው ከላባ ይሠሩት ስለ ነበረ ነው። በእኛም አገር ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራራ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት በዚሁ ዓይነት ይጠመዳል። ዝንቡ ወደ ባሕር ከተወሰደ በኋላ ግን የሚመስለው ሽሪምፕንና ትንንሽ ሸርጣንን ነው፤ ስሙ ብቻ ሳይለወጥ ቀረ።

በተለመደው አጠማመድ በገመዱ ጫፍ አጠገብ እርሳስ ይታሰራል፤ ሰውየው እርሳሱን እንደ ድንጋይ ይወረውረዋል፤ እርሳሱም ቀጭኑን ገመድ እየጎተተ ይሄዳል። በዝንብ ሲሆን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ዝንቡ ላባ ስለ ሆነ እንኳን ገመድ ሊጎትት ራሱም ሩቅ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ክብደቱ ለገመዱ ተሰጥቷል። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቁጥር 8 የሚባለው፥ በፕላስቲክ የተለበጠ ወፍራም ገመድ ሲሆን፥ የፊተኛው 9 ሜትር ያህሉ 13 ግራም ተኩል ግድም ይመዝናል። በገመዱና በዝንቡ መካከል ዓሣው እንዳያየው 3 ሜትር ያህል የሚረዝም ብርሃን አስተላላፊ ቀጭን ክር ይታሰራል።

ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም። ጅራፍ የሚጮኸው ክንድ ስለ በረታ አይደለም፤ እጅ ወደ ፊት ሄዶ በጊዜው ቀጥ ሲል ጅራፉ ይታጠፍና እጥፋቱ ወደ ጫፉ እየሮጠ ፍጥነት ስለሚጨምር ነው። አጥማጁም 2 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ተጣጣፊ ዘንግ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ገመዱ ከኋላው እስኪዘረጋ ይታገሣል፤ ከዚያም ዘንጉን ወደ ፊት ገፍቶ ድንገት ያቆመዋል። ዘንጉ ሲቆም ገመዱ ይታጠፍና እጥፋቱ ወደ ፊት እየተፈታ ዝንቡን ያደርሳል። ይህ በአየር ላይ የሚሠራው እጥፋት የጽሑፋችን ዋና ነገር ስለ ሆነ አንባቢዎች በልባችሁ ያዙት።

ይህ አጠማመድ በዓለም ላይ ስመ ጥር ከሆነባቸው ስፍራዎች አንዱ ባሐማስ ነው። ባሐማስ ከፍሎሪዳ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የተበተኑ ደሴቶች አገር ሲሆን፥ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ የወጣው በ1973 ዓ.ም. ነው። ከደሴቶቹ ሁሉ የሚሰፋው አንድሮስ ይባላል። አንድሮስ የተቀመጠው ታላቁ የባሐማ መደብ በሚባለው፥ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ባለ ሰፊ የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። በመደቡ ላይ ያለው ውሃ በብዙ ስፍራ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ ደሴቱ ዳር ሲቀርቡ ደግሞ ሰው በእግሩ ረጅም መንገድ ሲራመድ ውሃው ከጉልበቱ አያልፍም። እንዲህ ያለውን ስፍራ የባሕር ሜዳ እንለዋለን። በምሥራቅ በኩል ግን የኮራሉን አጥር እንዳለፉ ወለሉ ድንገት ይወርድና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚጠልቀው፥ የውቅያኖስ ምላስ የሚባለው ገደል ይገኛል። የደጋችንን አፋፍ ያየ ሰው ያንኑ ገደል በውሃ ተሞልቶ ቢያስበው አይሳሳትም።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ሲሞላ ቦንፊሽ የሚባለው ዓሣ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሲጎድል ወደ ጥልቁ ይመለሳል። የስሙ ትርጓሜ አጥንታም ዓሣ ማለት ነው፤ የበላው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። ቅርፊቱ እንደ መስተዋት ሆኖ የአሸዋውን መልክ ስለሚያንጸባርቅ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዓሣው ሳይሆን ጥላው ነው። አፉ ወደ ታች ስለ ዞረ፥ ሸርጣንና ሽሪምፕ ከአሸዋው ቆፍሮ ሲበላ ራሱን ይደፋና ጅራቱ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። ይህን ጅራት በጠዋት ፀሐይ ሲያብለጨልጭ ለማየት ሲሉ ብቻ ውቅያኖስ ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ። አገሪቱም ዓሣውን እንዴት እንደምትቆጥረው ለማወቅ የ10 ሳንቲም ገንዘቧን መመልከት ይበቃል፤ ሁለት ቦንፊሽ ተቀርጸውበታል።

እንግዲህ ወደ ነፋሱ እንመለስ። በምድር ወገብ አካባቢ አየሩ በፀሐይ ኃይል ይሞቅና ወደ ላይ ይወጣል፤ በቦታው ለመተካት ከሰሜንም ከደቡብም አየር ይጎርፋል። ኤድመንድ ሃሌ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ የእነዚህን ነፋሳት ካርታ በ1686 ዓ.ም. አወጣ። ጆርጅ ሃድሊ ደግሞ በ1735 ዓ.ም. ነፋሱ ቀጥ ብሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ በመውረድ ፈንታ ወደ ምዕራብ የሚያጋድለው ምድር ስለምትዞር ነው ብሎ አስረዳ። የሃድሊ ማስረጃ በኋላ በሌሎች ሊቃውንት ቢታረምም መሠረቱ እስካሁን ይነገርለታል። እነዚህ የንግድ ነፋስ የምንላቸው ናቸው፤ ባሐማስም በዚህ ነፋስ መንገድ ላይ ስላለች ነፋሷ በአብዛኛው ከምሥራቅ በኩል ነው። በክረምታቸው ወራት ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ አየር ይወርድባታል፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ በደቡብ፥ በምዕራብና በሰሜን በኩል እንደ ሰዓት ዘንግ እየዞረ በመጨረሻ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይመለሳል። ከዓሣው ዘንድ የሚጎዳው የነፋሱ ኃይል አይደለም፤ ቅዝቃዜው ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቦንፊሹ ሜዳውን ጥሎ ይወርዳል።

የነፋስ ኃይል የሚለካበትን መሰላል በ1805 ዓ.ም. የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት አሰናዳው። በእርሱ መሰላል 4ኛ ደረጃ የሚባለው በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፥ በማዕበሉ ራስ ላይ ነጭ አረፋ የሚያበዛ ነፋስ ነው። እንዲህ ያለው ቀን በአንድሮስ ያልተለመደ አይደለም። እንግዳው አጥማጅ ግን አረፋውን ሲያይ ልቡ ይፈራል፤ ሲፈራም ክንዱን ያበረታል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ማንኛውም ነገር በአየር ውስጥ ሲሄድ አየሩ ይቃወመዋል። ተቃውሞውም ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር ልክ ያድጋል እንጂ። ለምሳሌ የገመዱ እጥፋት በሴኮንድ 20 ሜትር ይሄዳል እንበል። ነፋስ በሌለበት ቀን የተቃውሞው ልክ 20 ጊዜ 20፥ ይህም 400 ይሆናል። በሴኮንድ 7 ሜትር፥ ማለትም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ከፊት ቢመጣ ገመዱ አየሩን የሚገጥመው በ27 ሜትር ፍጥነት ነው፤ 27 ጊዜ 27 ደግሞ 729 ነው። ተቃውሞው እጥፍ ለመሆን ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ያው ነፋስ ከኋላ ቢመጣ ግን 13 ጊዜ 13፥ ይህም 169 ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ፍጥነቱ እኩል የሆነ ነፋስ በባሕር ዳር ሲነፍስ እዚህ ከሚነፍሰው ይልቅ በግምት ከሩብ በላይ አብልጦ ይገፋል። በጃንሜዳ ገመድ ወርውሮ የተለማመደ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ ይህን ያስብ።

እንግዲህ ነፋሱን መቀነስ አይቻልም። መቀነስ የሚቻለው ነፋሱ የሚገጥመውን ገመድ ነው። የዘንጉ ጫፍ ቀጥ ባለ መስመር ሄዶ ድንገት ቢቆም እጥፋቱ ጠባብ፥ ምናልባት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጫፉ እንደ ጉልላት ክብ እየሠራ ቢሄድ ግን እጥፋቱ እስከ 2 ሜትር ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ከነፋሱ ፊት ለፊት የሚቆመው ገመድ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሰው ያለ ልክ ጉልበት ሲጨምር ደግሞ ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ ይወድቃል፤ ዘንጉም ወደ ታች ይደፋል፤ እጥፋቱ ይከፈታል። ስለዚህ በጉልበቱ የጨመረውን ፍጥነት ባሰፋው እጥፋት መልሶ ለነፋሱ ያስረክባል። ጉልበቱ ከመነሻው ላይ በድንገት የተጨመረ እንደ ሆነም የዘንጉ ጫፍ ጎብጦ ይወርድና የላይኛው ገመድ በታችኛው ላይ ይሻገራል፤ በቀጭኑ ክር ላይም ቋጠሮ ይፈጠራል። አጥማጆች ይህን የነፋስ ቋጠሮ ይሉታል። ነፋሱ የማያውቀው ነገር ነው፤ የቋጠረው እጁ ነው። ተራ የሆነ አንድ ቋጠሮ የክሩን ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊቀንሰው ይችላል፤ ያን ቀን ትልቁ ዓሣ የሚበጥሰው በዚያው ላይ ነው።

ፍጥነት የሚገኘው በግራ እጅ ነው። ቀኙ ዘንጉን ሲገፋ ግራው ገመዱን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ይለቅቃል፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሲወረወር እንዲሁ ይደረጋል። ይህ ሁለት ጊዜ መሳብ ዘንጉን አብልጦ ያጎብጠውና እጥፋቱን ሳያሰፋ ገመዱን ያፈጥነዋል። ከዚህም በቀር ነፋስ ራሱ ከውሃው ጋር ሲተሻሽ ፍጥነቱን ያጣል። ከውሃው በግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ነፋስ በሦስት ሜትር ከፍታ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይደክማል። ስለዚህ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ገመዱ ከኋላ ከፍ ብሎ ከፊት ዝቅ ብሎ ይወረወራል፤ ዝንቡ ውሃው አጠገብ ሲደርስ እጥፋቱ ተፈትቶ ያልቃል፤ ነፋሱም ወደ ኋላ የሚመልስበት ጊዜ አያገኝም። ነፋስ ከጀርባ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይደረጋል። ጀማሪዎች ከጀርባ የሚመጣ ነፋስ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚሄደው ገመድ እርሱን መጋፈጥ ስላለበት ሳይዘረጋ ይወድቅባቸዋል። ከኋላ በጎን በኩል ዝቅ አድርጎ፥ ከፊት ከፍ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ የቀረውን ነፋሱ ይሸከመዋል።

ዝንቡም ቢሆን በነፋስ ቀን ጠባብና ከበድ ያለ ይመረጣል። ለዚህ የሚጠቅመው ክሬዚ ቻርሊ የሚባለው በአንድሮስ በ1970ዎቹ ዓመታት የተፈጠረ ዝንብ ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው ከደሴቱ ስመ ጥር መሪ ከሚስተር ቻርሊ ስሚዝ ነው። ከትንንሽ የብረት ዶቃ የተሠሩ ሁለት ዓይኖች አሉት፤ እነርሱም ቶሎ ወደ አሸዋው ያወርዱታል፤ መንጠቆውንም ወደ ላይ ያዞሩታል።

የሚያሰጋው ነፋስ በሚወረውረው እጅ በኩል የሚመጣው ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ነፋሱ ከቀኙ ቢነፍስ ገመዱና መንጠቆው ወደ ራሱ ይገፋሉ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚበር ስለታም መንጠቆ ጆሮ ወይም አንገት ቢያገኝ ሕመም ነው፤ ዓይን ቢያገኝ ግን የዕድሜ ልክ ጉዳት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘንጉን በራስ ላይ አሻግሮ ገመዱ በግራ ትከሻ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ፥ ወይም ለዓሣው ጀርባን ሰጥቶ ወደ ኋላ በሚሄደው ውርወራ ዝንቡን ማድረስ ይቻላል። ሁለቱንም ያልለመደ ሰው ዓሣውን አሳልፎ ቢተወው ይሻለዋል። መነጽር ሳያደርጉ መወርወር በማናቸውም ቀን አይገባም፤ መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ ደግሞ አስቀድሞ በፒንሳ መጨፍለቅ ከሥጋ ውስጥ በቀላሉ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ሥጋው የሰውም ይሁን የዓሣ።

በጀልባ ላይ ሲሆን ይህ አደጋ የሁለት ሰዎች ነው። ጀልባዋ ሆዷ ጠፍጣፋ ናት። አጥማጁ ከፊቷ ይቆማል፤ መሪው ከኋላዋ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ሆኖ ከአምስት ሜትር በላይ በሚረዝም ምሰሶ ወለሉን እየገፋ ያስኬዳታል፤ ዓሣውንም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። ባየም ጊዜ «አሥራ አንድ ሰዓት፥ አሥራ ሁለት ሜትር!» ብሎ ይጠራል። ይህ ሰዓት የእኛም የፈረንጅም አይደለም፤ የጀልባዋ አፍንጫ አሥራ ሁለት ተብሎ የሰዓቱ ፊት ብቻ ነው የሚቆጠረው። ዓሣው ልክ በአሥራ ሁለት ላይ ቢሆን የአጥማጁ ገመድ ወደ ኋላ ሲሄድ በመሪው ፊት ላይ ያልፋል። ስለዚህ ብልህ መሪ ለቀኝ እጅ ወርዋሪ ዓሣውን በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲሆን አድርጎ ጀልባዋን ያጋድማል፤ ይህንም የሚያደርገው ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ጎን እየገፋበት ነው። የዚህ ሰው ዓይን የእንጀራው መሣሪያ ስለ ሆነ በነፋስ ቀን ማን ምን እንደሚያሰጋው መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ በላይ ነፋስን እንደ ጠላት ቆጥረን ተናገርን። ለፍርድ እንዲመች የሚጠቅምበትንም እንናገር። ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ባለ ቀን ቦንፊሽ የሰውን ጥላ፥ የዘንግን ብልጭታና የዝንብን መውደቅ ከሩቅ ያውቃል፤ አጥማጁም ከ20 ሜትር በላይ መወርወር ግድ ይሆንበታል። ውሃው ሲሸበሸብ ግን ሁሉም ይሸፈናል። ጀልባዋ እስከ 10 ሜትር ትጠጋለች፤ ዓሣውም ሳይሠጋ ይበላል። እንግዲህ በነፋስ ቀን የሚፈለገው ውርወራ በጸጥታ ቀን ከሚፈለገው ግማሽ ያህል ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ዓሣው አጠገቡ ሳለ ሩቅ ለመድረስ ሲታገል ይውላል። በተጨማሪ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ማዕበል አየሩን ከውሃው ጋር እየቀላቀለ በሞቃት ወራት ዓሣው ሜዳው ላይ እንዲቆይ ይረዳዋል።

ዋጋው ማየት ነው። ከውሃ ላይ የሚንጸባረቅ ብርሃን በአብዛኛው ወደ ጎን ብቻ የሚርገበገብ ስለ ሆነ፥ ፖላራይዝድ የሚባለው መነጽር ይህን ከልክሎ ከውስጥ የሚመጣውን ያሳልፋል። ውሃው ሲሸበሸብ ግን ነጸብራቁ በየአቅጣጫው ይሰባበርና መነጽሩ ብቻውን አይበቃም። ልምድ ያለው ሰው ወደ እርሱ የዞረውን የማዕበል ፊት እንደ መስኮት ይጠቀምበታል፤ መስኮቱ ለአንድ አፍታ ሲከፈት ከወለሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ይፈልጋል። ማዕበል ይንቀሳቀሳል፤ ድንጋይና ሣር ባሉበት ይቆማሉ፤ ከማዕበሉም ከድንጋዩም ጋር የማይስማማ ነገር ዓሣ ነው።

የመሪው ትልቁ ጥበብ ቦታ መምረጥ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን የአንድሮስ ምዕራብ ዳር የነፋስ ጥግ ይሆናል፤ ደሴቱን አቋርጠው በሚያልፉት የውሃ መንገዶች ጀልባ ወደዚያ ይደርሳል። ነገር ግን በምዕራብ በኩል ወለሉ ስስ የኖራ ጭቃ ስለ ሆነ ነፋስ ሲያነሣው ውሃው ወተት ይመስላል፤ ደግሞም የምሥራቅ ነፋስ ውሃውን ከዳር ወደ ውጭ ስለሚገፋው ባሕሩ በሠንጠረዡ ላይ በተጻፈው ሰዓት አይሞላም። በዚህ ጊዜ መሪው ወደ ማንግሮቭ ዛፎች ይጠጋል። በእርሻ ዳር የተተከለ የባሕር ዛፍ አጥር ከቁመቱ አሥር እጥፍ ለሚሆን ርቀት ነፋስን እንደሚያበርድ ሁሉ፥ አራት ሜትር የማይሞላ የማንግሮቭ ቁጥቋጦም ለአንድ ጀልባ የሚበቃ ጸጥታ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚደክም ለመረዳት በ2010 ዓ.ም. የቀረበውን ጥናት ማየት ይጠቅማል፤ የባሕር ሜዳ ዓሣ ማጥመድ ለባሐማስ በዓመት 141 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስገባ ገምቷል። ገንዘቡም ፋብሪካ በሌለባቸው ትንንሽ መንደሮች ለመሪው፥ ለጀልባ ጠጋኙ፥ ለእንግዳ ማረፊያዋ ወጥ ሠሪ ይደርሳል። መንግሥቱም በ2002 ዓ.ም. የአንድሮስን ምዕራብ ዳር ጥብቅ ቦታ አድርጎ በ2012 ዓ.ም. እጅግ አስፍቶታል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር አጥማጆች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ነፋሱ ግን ደንብ አያውቅም። በመስከረም 2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶሪያን የተባለው አውሎ ነፋስ ከአንድሮስ በስተ ሰሜን ያሉትን የአባኮንና የግራንድ ባሐማን ደሴቶች ሲመታ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ከላይ በተማርነው ሒሳብ ይህ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ከሚሄደው ነፋስ 12 እጥፍ ያህል ቢፈጥንም፥ የሚገፋው ግን ወደ 140 እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ነው። በዚያ ቀን ብዙ ሕዝብ ሞተ፤ ከቀሩትም መሪዎች ብዙዎቹ ቤታቸውንና ጀልባቸውን አጡ።

ዓሣው ዝንቡን ከያዘ በኋላ ያለው ነገር አጭር ነው። ቦንፊሹ በመጀመሪያው ሩጫ ብቻ ከመቶ ሜትር በላይ ገመድ ሊፈታ ይችላል፤ አጥማጁም ዘንጉን ከፍ አድርጎ ከመያዝ በቀር የሚያደርገው የለም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፥ አንዳንድ ጊዜ ሻርክ ወይም ባራኩዳ ደም ሸትቶት ይመጣና የዓሣውን ራስ ብቻ ያስቀራል። በባሐማስ ቦንፊሽን በመረብ ማጥመድና መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፥ በዝንብ የሚያጠምዱት በአብዛኛው መልሰው ይለቁታል። ነገር ግን መልቀቅ ሁሉ ማዳን አይደለም። በኤሉቴራ ደሴት የተለቀቁ ቦንፊሾችን የተከታተሉ ሊቃውንት፥ ከድካም የተነሣ ሚዛናቸውን ያጡት ካላጡት ይልቅ ብዙ እጥፍ በአዳኞች እንደሚበሉ አይተዋል፤ ከውሃ ውጭ መቆየቱም ያባብሰዋል።

በነፋስ ቀን ውሃው ስለ ተሸበሸበ ሻርኩ እስኪጠጋ አይታይም። ስለዚህ መሪው ከመቆሚያው ላይ ሆኖ ዙሪያውን ይቃኛል። አጥማጁ እጁን ያርሳል፤ ዓሣውን ከውሃው ሳያወጣ መንጠቆውን ያላቅቃል፤ ፊቱን ወደ ማዕበሉ አዙሮ በሆዱ በኩል ደግፎ ይይዘዋል። ዓሣው ጅራቱን መትቶ እጁን ሲገፋው ይለቀዋል። ከዚያም ሌላ ዓሣ ከመፈለጉ በፊት ቀጭኑን ክር በጣቶቹ መካከል ከላይ እስከ ታች አሳልፎ ቋጠሮ እንዳለበት ይዳስሳል።